እስከ ሰባት ቤት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሽማግሌ ሆነው የመጡት ሦስት አባቶች ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከግድግዳው ሥር በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የልጅቷ አባትና አጎቶቿ አሉ። ዋናው ጥያቄ ቀርቧል፤ የልጁ ሥራ፣ ጠባይና ሃይማኖት ተጠይቆ ተመልሷል። የቀረው ልጁና ልጅቷ እስከ ሰባት ቤት እንደማይዛመዱ የሚረጋገጥበት ቆጠራ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው የልጁን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየጠሩ ወደ ላይ መውጣት ይጀምራሉ። ከልጅቷም ወገን እንዲሁ ይጠራል። ስም፣ የትውልድ አገር፣ ደብር። አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ከሁለቱም በኩል የአንድ አጥቢያ ስም ይነሳል። ሳሎኑ ጸጥ ይላል።

በዚህች ሰዓት የሚፈለገው ሰው ብዙ ጊዜ ወንበሮቹ ላይ አይገኝም። ከጓዳው በር አጠገብ፣ ከረከቦቱ ጎን በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። ወንዶቹ የአባትን መስመር እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል፤ የእናት ወገን ላይ ሲደርሱ ግን ይደነቃቀፋሉ። የትኛዋ ለማን እንደተዳረች፣ ማን ሁለት ጊዜ እንዳገባ፣ የትኛው ልጅ ከየትኛዋ እናት እንደተወለደ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። «የለም፣ የዚያኛው እናት ሌላ ናት፤ ከወንዝ ማዶ የመጣች ናት» ይላሉ። ትንፋሽ ይመለሳል፤ ቆጠራውም ይቀጥላል።

በአማራና በትግራይ፣ በሌሎችም ብዙ የአገራችን ማኅበረሰቦች እንዲህ ያለው ሰዓት የታወቀ ነው። የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ሲሄዱም ሰባት ትውልድ የመቁጠሩን ደንብ ይዘውት ሄደዋል። በዚያ ሳሎን ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሲመነዘር ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በየሕንፃው ከፋፍለው የሚያስተምሩት ትምህርት ይወጣዋል፤ ሕግ አለበት፣ ሥነ ሕይወት አለበት፣ ሒሳብ አለበት፣ የቋንቋና የማኅበረሰብ ጥናት አለበት። ሁሉም ዝምድናን ይቆጥራሉ። የሚለያዩት በምን እንደሚቆጥሩትና ሲቆጥሩ ምን እንደሚያመልጣቸው ነው።

ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል። በግዕዝ «ዘመድ» ወገን፣ ነገድ፣ ዓይነት ማለት ነው። አማርኛ ከዚያው ሥር ዝምድናን፣ መዛመድን፣ ማዛመድን፣ ተዛማጅን አወጣ። የኢትዮጵያ ተማሪ ሁሉ ፈተና ላይ «በ‹ሀ› ሥር ያሉትን በ‹ለ› ሥር ካሉት ጋር አዛምዱ» የሚል ትእዛዝ አይቷል፤ ዋና ከተማን ከአገሩ፣ ደራሲን ከመጽሐፉ ዘመድ እንዲያደርግ ታዝዟል ማለት ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሁለት መጠኖች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ «ተዛምዶ አላቸው» ይላል። ቃሉ ከቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤት ገባ።

በእንግሊዝኛ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። የካምብሪጅዋ አንትሮፖሎጂስት ማሪሊን ስትራተርን ለረጅም ዓመታት እንዳሳየችው፣ «ሪሌሽን» (relation) የሚለው የእንግሊዞቹ ቃል መጀመሪያ የትረካና የዕውቀት ቃል ነበር፤ ለሥጋ ዘመድ መጠሪያ የሆነው ወደ 16ኛውና 17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። እነሱ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያያይዙበትን ቃል ወደ ቤታቸው አስገቡ፤ እኛ የቤታችንን ቃል ሐሳብ ማያያዣ አደረግነው። ሌላው ቃላችን «ግንኙነት» ደግሞ ከ«ማግኘት» የወጣ ነው። ሁለት ሰዎች ተገናኙ ስንል አንዱ ሌላውን አገኘው፣ ያኛውም ይህኛውን አገኘው እያልን ነው። በቃሉ ውስጥ ሁለት አግኚዎች አሉ፤ ብቻውን የሚገናኝ የለም።

የዝምድና ቃላትን እንደ ሳይንስ ማስረጃ መሰብሰብ የጀመረው ጠበቃ ነበር። ሉዊስ ሄንሪ ሞርጋን በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሮቼስተር ከተማ ይኖር ነበር። ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች መካከል ሴኔካዎችን ሲያጠና አንድ ነገር አስገረመው፤ የአባታቸውን ወንድም «አባት»፣ የእናታቸውን እህት «እናት» ብለው ይጠሩ ነበር። መጀመሪያ የዚያ ሕዝብ ልዩ ጠባይ መሰለው። በኋላ ግን ቋንቋቸው ፈጽሞ በማይገናኝ ሌሎች ሕዝቦች ዘንድ፣ በሕንድ አገር ታሚሎች ዘንድ ሳይቀር፣ ተመሳሳይ አጠራር አገኘ። ስለዚህ ረጅም መጠይቅ አዘጋጅቶ በስሚዝሶኒያን ተቋም በኩል በየአገሩ ላሉ ሚሲዮናውያንና ቆንስሎች ላከ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ የአባትህን ወንድም ምን ብለህ ትጠራዋለህ? የእናትህን ወንድም ልጅስ? መልሱ በ1871 (እ.ኤ.አ.) ትልቅ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ የዝምድና ጥናት የሚባለው የትምህርት ዘርፍም ከዚያ ተወለደ።

የሞርጋንን ጥያቄ ይዞ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚዞር ሰው ጉዞው የሚክስ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ የአባቱንም የእናቱንም ወንድም «አጎት» ይላል። ትግርኛ ተናጋሪው ይለያቸዋል፤ የአባት ወንድም «ሓወቦ» ነው፣ የእናት ወንድም «ኣኮ»፤ የአባት እህት «ኣሞ»፣ የእናት እህት «ሓትኖ»። በኦሮምኛ የእናት ወንድም «ኤሱማ»፣ የአባት እህት «አዳዳ» ናት፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክብርና ግዴታ አላቸው። አማርኛ በአጎት ላይ የቆጠበውን ልዩነት ሌላ ቦታ ያወጣዋል። አንድን ሰው «ና» ወይም «ይምጡ» ከማለቱ በፊት ተናጋሪው ዕድሜውን፣ ማዕረጉን፣ ቅርበቱን መመዘን አለበት፤ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱ፣ እርስዎ። ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን በ1960 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ታዋቂ ጽሑፍ በአውሮፓ ቋንቋዎች የ«አንተ»ና የ«እርስዎ» ምርጫ በሁለት ነገር እንደሚወሰን አሳይተዋል፦ በሥልጣንና በቅርበት። አማርኛ ላይ ይህ ምርጫ ግሡ ውስጥ ገብቶ ተሰፍቷል። ዝምድናው ሳይታወቅ ዐረፍተ ነገሩ አይዘጋም።

ወደ ሳሎኑ እንመለስ። ሰባት ለምን ሆነ?

የቁጥሩ ነገር የሐበሻ ብቻ እንዳይመስለን። የምዕራብ አውሮፓ ቤተ ክርስቲያንም በአንድ ዘመን እስከ ሰባተኛ ደረጃ የሚዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ ትከለክል ነበር። ሕጉ በተግባር ብዙ ችግር አመጣ። በትናንሽ መንደሮች የሚጋባ ሰው ጠፋ፤ ሚስቶቻቸውን መፍታት የፈለጉ መኳንንት ደግሞ የተረሳ ዝምድና እየቆፈሩ ጋብቻቸውን ማፍረሻ አደረጉት። በ1215 (እ.ኤ.አ.) በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት ሦስተኛ የተጠራው አራተኛው የላተራን ጉባኤ ክልከላውን ከሰባት ወደ አራት ደረጃ አወረደው። ትናንት የማይጋቡ ዘመዳሞች የነበሩ ሰዎች በአንድ ውሳኔ ባዕድ ሆኑ።

የኛም አገር ሕግና ባህል በዚህ ላይ አንድ አይደሉም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወደ ጎን በሚቆጠረው የሥጋ ዝምድና የሚከለክለው ወንድምና እህትን፣ አክስትንና አጎትን ነው። የአጎት ልጅ በሕጉ አይከለከልም፤ በሽማግሌዎቹ ፊት ግን የማይታሰብ ነው። በእስልምና የአጎትና የአክስት ልጆች ሊጋቡ ይችላሉ። በአፋር ደግሞ «አብሱማ» በሚባለው ሥርዓት ለወንዱ ተመራጭ ሙሽራ የአባቱ እህት ልጅ ናት። ጎጃም ውስጥ ነውር የሆነችው ልጅ አፋር ውስጥ መጀመሪያ ለጋብቻ የምትጠየቀው ትሆናለች። ደሙ ያው ደም ነው፤ የሚለየው ቆጠራው ነው።

ለመሆኑ ደሙ ራሱ ምን ያህል ነው? ሥነ ሕይወት ለዚህ የራሱ ሚዛን አለው። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ልጆች በአማካይ ግማሽ የዘረመል ውርስ ይጋራሉ። የአጎት ልጆች አንድ ስምንተኛ ይጋራሉ። በሰባተኛው ቤት ላይ በአንድ ባልና ሚስት ብቻ የሚገናኙ ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ሲሰላ ከ8,192 አንድ እጅ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ሰባት ቤት ከሥነ ሕይወት አንጻር ከበቂ በላይ ነው፤ አባቶች ያስቀመጡት አጥር ከወንዙ በጣም ርቆ የተሠራ ነው። እንዲያውም ትውልዱ በራቀ ቁጥር በዘር ሐረጉ ላይ ስማቸው ካለ አያቶች ብዙዎቹ በዛሬው ሰው አካል ውስጥ አንዲት ቅንጣት ዘረመል እንኳ ላያስቀሩ ይችላሉ። በስም ዘመድ ናቸው፤ በሥጋ አልተገኙም።

ይህንን ሚዛን ወደ ሕግ የለወጠው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃሚልተን ነው። በ1964 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ሥራ እንስሳት ስለምን ለሌላው ሲሉ ራሳቸውን እንደሚጎዱ በቀላል ስሌት አሳየ፤ የተረጂው ጥቅም በዝምድናው መጠን ሲባዛ ከረጂው ጉዳት ከበለጠ፣ የመርዳት ጠባይ በትውልድ ይስፋፋል። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ሠራተኛ ንቦች በአወላለዳቸው ልዩነት የተነሣ ሦስት አራተኛ ይጋራሉ፤ ይህም ራሳቸው ሳይወልዱ ለቀፎው መሞታቸውን ለመረዳት ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ ነው።

ረከቦቱ ላይ ያለው ቡናም ዘር አለው። ኮፊያ አራቢካ የሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች ልጅ ነው፤ እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም አላቸው፣ እሱ ግን የሁለቱንም ጠቅልሎ 44 ይዟል። በደቡብ በየጓሮው የሚታየው እንሰትም የሙዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ዘር ቆጠራ ለሰው ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም።

አሁን ደግሞ ቆጠራውን ወደ ላይ እንግፋው። አባትና እናትን አንደኛ ቤት ብለን ብንጀምር ሁለተኛው ቤት ላይ አራት አያቶች አሉ፣ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ሰዎች። እስከ ሰላሳኛው ትውልድ ብንወጣ ቁጥሩ 1,073,741,824 ይሆናል። አንዱን ትውልድ 25 ዓመት ብንለው ይህ የዛሬ 750 ዓመት ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ በመላው ዓለም ይህን ያህል ሕዝብ አልነበረም። መልሱ አንድ ብቻ ነው፦ ያው ሰው በሐረጉ ላይ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። አያቶቻችን የሌሎችም አያቶች ናቸው። በ2004 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር መጽሔት ላይ ያተሙ ሦስት ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ባደረጉት ስሌት የዛሬው የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ አያት ጥቂት ሺህ ዓመታት ብቻ ወደ ኋላ ሊገኝ እንደሚችል ገምተዋል። ዘር ቆጥሮ ሰውን ከሰው ለመለየት የሚደክም ሁሉ ቆጠራውን ቶሎ አቁሞታል።

ዝምድና በአገራችን ከጋብቻ በላይ የነበረበት ዘመን አለ። መሬት ነበር።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም ውስጥ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉ በ1973 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ባዕድ ሰው ርስትን እንደ ባለቤትነት ወረቀት ይቆጥረው ይሆናል። ርስት ግን የተወላጅነት መብት ነበር። መሬቱን መጀመሪያ የያዘው አቅኚ አባት ይባላል፤ በአባትም ይሁን በእናት ከእሱ የተወለደ ሁሉ በዚያ መሬት ላይ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። በአባት ብቻ ከሚቆጥሩ ብዙ ሥርዓቶች የሚለየው ይህ ነው። ሴት ልጅ ርስት ታስተላልፋለች፤ የእናት እናት መስመርም መሬት ያደርሳል።

እዚህ ላይ ያ 128 ትልቅ ትርጉም ያገኛል። እያንዳንዱ ገበሬ በየመስመሩ ብዙ አቅኚ አባቶች አሉት፤ ስለዚህ በመርህ ደረጃ በብዙ ቦታ ድርሻ አለው። መሬቱ ግን ያው ነው፤ ለተወላጁ ሁሉ ቢከፋፈል ለማንም አይደርስም። ስለዚህ ሆበን ያየው ወሳኝ ጥያቄ ማን ዘመድ ነው የሚለው አልነበረም፤ ዘመድማ ሁሉም ነው። ጥያቄው የትኛውን ዝምድና ማን አንሥቶ፣ በማን ምስክርነት፣ በምን አቅም ሊያቆመው ይችላል የሚለው ነበር። ያልተነሣ ዝምድና እንደተኛ ዘር ይቆያል። ባለርስቱ ከሌላ መንደር ድንገት መጥቶ «በእናቴ በኩል ተወላጅ ነኝ» ሲል፣ አዛውንቶች ተጠርተው፣ ስም ተቆጥሮ፣ ክርክሩ ከዓመት ዓመት ይጓተታል። የዘር ሐረግ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ኃይል ነበረው፤ ዕውቀቱን ለማን እንደሚያካፍል ይመርጥ ነበር። ዳኛ ፊት የቆመ ሰው የቅድመ አያቱን እናት ስም ቢረሳ የሚያጣው ክብር ብቻ አልነበረም፤ የሚያርሰውን ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን መሠረቱን አጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለብዙ ሚሊዮን ጭሰኞች ነፃነት ነበር፤ ይህንን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ለርስት አገር ግን ሌላም ነገር ሆነ፦ የእናት እናት እናት ስም ለእርሻ አላስፈለገም። ቆጠራው የቀረው ለጋብቻ ብቻ ነው። ያች አሮጊት ከጓዳው በር አጠገብ ተቀምጠው የያዙት ዕውቀት ከአንድ ትልቅ ሥርዓት የተረፈ ነው።

በሩቅ አገር፣ በሌላ ሰባት ላይ ደግሞ ሌላ ቆጠራ ተደርጓል። ዛሬ ካሊኒንግራድ በምትባለው፣ ያኔ የፕሩሲያ ከተማ በነበረችው ኮኒግስበርግ፣ በፕሬጌል ወንዝና በደሴቶቹ ላይ ሰባት ድልድዮች ነበሩ። ነዋሪዎቹ እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ከተማውን ሁሉ መዞር ይቻል እንደሆነ ይጠያየቁ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1735 (እ.ኤ.አ.) ለሴንት ፒተርስበርግ አካዳሚ መልስ አቀረበ፤ አይቻልም። የሚያስደንቀው አመላለሱ ነው። የድልድዩን ርዝመት፣ የደሴቱን ስፋት፣ የመንገዱን አቅጣጫ ሁሉ ጣለ፤ ያስቀረው የትኛው መሬት ከየትኛው ጋር በስንት ድልድይ እንደተያያዘ ብቻ ነው። ወደ አንድ መሬት የገባ ሰው መውጣት ስላለበት ከመነሻውና ከመድረሻው በቀር ድልድዮቹ ጥንድ ጥንድ መሆን አለባቸው፤ በኮኒግስበርግ ግን አራቱም መሬቶች ጎዶሎ ቁጥር ነበራቸው፤ አንዱ አምስት፣ ሦስቱ ሦስት ሦስት።

ኦይለር ሐሳቡን ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከላይብኒትስ የ«አቀማመጥ ጂኦሜትሪ» ጋር አያይዞታል። ላይብኒትስ የኒውተን ደጋፊ ከነበረው ከሳሙኤል ክላርክ ጋር በ1715ና በ1716 (እ.ኤ.አ.) በተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ኒውተንን ተቃውሞ ነበር፤ ኅዋ ነገሮች የሚቀመጡበት ባዶ ዕቃ ነው ለሚለው፣ የለም፣ ኅዋ የነገሮች እርስ በርስ ዝምድና ነው አለ። ነገሮቹ ባይኖሩ «ቦታ» የሚባል አይተርፍም። ይህ ክርክር ዛሬም በፊዚክስ አልተዘጋም።

ከድልድይ ወደ ሰው ለመሻገር ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአእምሮ ሐኪሙ ጄኮብ ሞሬኖ ሰዎችን እንደ ነጥብ፣ መዋደዳቸውንና መጠላላታቸውን እንደ መስመር አድርጎ መሣል ጀመረ። ከሁሉ ጥልቅ ግኝት ያመጣው ግን በሃርቫርድ የሶሲዮሎጂ ተማሪ የነበረው ማርክ ግራኖቬተር ነው። በማሳቹሴትስ ኒውተን ከተማ የሥራ ቦታ የቀየሩ 282 ወንድ ባለሙያዎችን አጠና። ሥራውን በሰው በኩል ያገኙትን ጠቋሚያቸውን ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠየቃቸው። ዘወትር የሚያገኙት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 55.6 በመቶ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ጽሑፉን በ1969 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበለት አንድ መጽሔት አልተቀበለውም፤ በ1973 (እ.ኤ.አ.) በሌላ መጽሔት ሲታተም በማኅበራዊ ሳይንስ በብዛት ከሚጠቀሱ ጽሑፎች አንዱ ሆነ።

ምክንያቱ አስቦ ለተመለከተው ግልጽ ነው። የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው፤ አብሮን ይበላል፣ ከምናውቃቸው ሰዎች ጋር ይውላል። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከክበቡ ውጭ ካለው፣ ሰላምታ ከምንሰጠው ግን ከማንቀመጠው ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ እድር ይህንን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። እድርተኛው በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በሥራ የተለያየ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን አብሮ ሲቀመጥ ግን የልጅ ሥራ፣ የሚከራይ ቤት፣ የሐኪም ስም ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ስንል ከችግር ቀን ጋር አያይዘነው ነበር፤ ነገሩ ከዚያ ይሰፋል።

የሒሳብ ሊቃውንት ዝምድናን በጣም አቅጥነው፣ ሥጋውን ሁሉ ገፍፈው ያጠኑታል። ኦገስተስ ዲ ሞርጋን በ1860 (እ.ኤ.አ.) የዝምድናን ሥነ አመክንዮ ሲጽፍ፣ የጥንቱ አመክንዮ «ሰው ሟች ነው» ለሚለው እንጂ «እሱ ከእሷ ይበልጣል» ለሚለው ዐረፍተ ነገር መሣሪያ እንደሌለው አሳየ። ከዚያ ወዲህ ስለ እያንዳንዱ ዝምድና የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ይገለበጣል? እሱ ወንድሟ ነው፤ እሷ ግን ወንድሙ አይደለችም። ይተላለፋል? የእናቴ እህት ዘመዴ ናት፣ የአባቴም ወንድም ዘመዴ ነው፤ ሁለቱ ግን እርስ በርስ ዘመድ አይደሉም። «ዘመድ» የሚለው ቃል ይገለበጣል እንጂ አይተላለፍም። ሽማግሌዎቹ ከእያንዳንዱ ሰው ተነሥተው እንደገና የሚቆጥሩት ለዚህ ነው፤ ከሌላ ሰው ቆጠራ መበደር አይቻልም።

ይህ ደረቅ የሚመስል ሐሳብ ዛሬ በየባንኩ መስኮት ይሠራል። በ1970 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ የሒሳብን የዝምድና ትምህርት ወስዶ መረጃ የሚቀመጥበትን አዲስ ሥርዓት አቀረበ። መረጃው በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ደንበኛ በአንዱ፣ ሒሳቡ በሌላው፤ የሚያያይዛቸው የጋራ ቁጥር ይሁን። የራሱ ኩባንያ ለመቀበል ዘገየ፤ ኮድ ግን በ1981 (እ.ኤ.አ.) የኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን ሽልማት፣ የቱሪንግን ሽልማት አገኘ። ዛሬ የባንክ፣ የሆስፒታልና የአየር መንገድ መዝገብ በአብዛኛው በዚህ መንገድ የተሠራ ነው።

ሠንጠረዡ ግን ሠሪው ያወቀውን ዝምድና ብቻ ያውቃል። ወደ አሜሪካ የሄደ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ይህን በቅጽ ላይ ያየዋል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን አለ። ባል በአባቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ሦስት ሰው፣ ሦስት ስም፣ አንድ ቤት። ለኛ ስማችን ራሱ ዝምድና ነው፤ እገሌ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። ለሳጥኑ ግን እናትና ልጅ ባዕድ ይመስላሉ። ወደ እስራኤል ከገቡት ብዙዎቹም የአያታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦላቸዋል።

ቁጥር ዝምድናን ሲያሳይ መጠንቀቅ የሚገባን ሌላም ምክንያት አለ። ፍራንሲስ ጋልተን በ1888 (እ.ኤ.አ.) ተዛምዶን የሚለካበትን ዘዴ ያገኘ ታላቅ ምሁር ነው፤ ሰዎችን እንደ ከብት መርጦ ማዳቀልን የሚሰብከውን ትምህርት ስም ያወጣለትም እሱ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው መጓዛቸውን ከማየት፣ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብሎ መፍረድ ስንት ሰው እንዳስጨረሰ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ መስክሯል።

ቆጠራ ፈጽሞ የሚያመልጠው ዝምድናም አለ። የጎንደርና የትግራይ አባቶች በማር የተቀባ አውራ ጣታቸውን አጥብተው የጡት ልጅ ያደርጉ ነበር። ክርስትና ያነሣ ሰው ከልጁ ወላጆች ጋር አበልጅ ይሆናል፤ ፍትሐ ነገሥትም ይህን መንፈሳዊ ዝምድና ከጋብቻ ይከለክለዋል። የኦሮሞ ጉዲፈቻ ደግሞ የማሳደግን ቃል ኪዳን ከመውለድ እኩል ያደርገዋል፤ ቃሉ በአማርኛው የቤተሰብ ሕግ ውስጥ የገባው እንደዚያው ሆኖ ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ጃኔት ካርስተን በማሌዥያ ላንካዊ ደሴት ያገኘችው ከዚህ አይርቅም፤ ከአንድ ምድጃ የበላ ሰው ቀስ በቀስ የአንድ ደም ዘመድ ይሆናል ብለው ያምናሉ። ከነዚህ አንዱንም የዘረመል ላቦራቶሪ አያገኘውም። ሁሉም ግን እውነተኛ ናቸው፤ ሰው ይመገብባቸዋል፣ ይቀበርባቸዋል፣ ይወርስባቸዋል።

ሳሎኑ ውስጥ ቆጠራው አልቋል። ሰባተኛው ቤት ድረስ አልተገናኙም፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ይህንን ገጽ የያዘ አንባቢ ከአባትና ከእናቱ ጀምሮ እስከ ሰባት ቤት ያሉትን ቢደምር 254 ሰዎች ያገኛል። ዛሬ ማታ ወረቀት ያውጣና የሚያውቃቸውን ይጻፍ፤ ከአባት መስመር ብቻ ሳይሆን የእናቶችን ስም፣ የመጡበትን ወንዝ ማዶ ጭምር። ባዶ የቀረውን ቦታ ይዞ ከጓዳው በር አጠገብ ወደተቀመጡት አሮጊት ይሂድ፤ ሳይዘገይ።